ገበጣና ገበታ

ዕቃ ሲሠራ የሠሪው ጥበብ ይታያል፤ ዕቃ ሲሰበር ግን የአገሩ ጠባይ ይታያል። የተሰበረውን የሚጠግን ሰው በቅርብ የሚገኝበት አገር ባለሙያውን አክብሮ ያኖረ አገር ነው። ጠጋኝ ፍለጋ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞሩበት አገር ግን ባለሙያው ወዴት እንደ ሄደ፥ ስለ ምንም እንደ ሄደ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። ይህነን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ትንሽ ነው፤ ሁለት የተሰበሩ የእንጨት መጫወቻዎች ናቸው። ዳሩ ግን ትንሹን ነገር ተከትዬ ስሄድ ወደ ትልቅ የታሪክ ጉዳይ አደረሰኝና፥ ያየሁትንና የተማርሁትን ለአንባቢዎቼ ላቀርብ ወደድሁ።

ነገሩ የሆነው በሆሣዕና ከተማ ነው። ሆሣዕና የአገሩ ሰዎች ዋቻሞ በሚሉት ስፍራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተቆረቆረች፥ ስሟንም ከበዓለ ሆሣዕና ያገኘች፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። የሐድያ ዞን መዲና ስትሆን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። በዚያች ከተማ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰው የዋንዛ ገበጣ አለው። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ቤት የተፈለፈለበት፥ ከብዙ ዘመን የእጅ ንክኪ የተነሣ እንደ ቀንድ የሚያበራ ዕቃ ነበር። አንድ ሌሊት ከምድጃው አጠገብ ተረስቶ ቢያድር ከጫፉ እስከ መካከሉ ተሰነጠቀ፤ ጠጠሩም በስንጥቁ ይሾልክ ጀመር።

የወዳጄ ልጅ ደግሞ በቤቱ ደጃፍ ጆተኒ የሚባለውን የጠረጴዛ እግር ኳስ አቁሞ የሰፈሩን ልጆች በክፍያ ያጫውታል። ይህም ከውጭ የመጣ ሳይሆን የከተማው አናጢ የሠራው የእንጨት ሣጥን ነው፤ ተጫዋቾቹን የሚያዞሩት የብረት ዘንጎች በየጫፋቸው የእንጨት እጀታ አላቸው። ከእጀታዎቹም ሦስቱ ተሰነጣጥቀው ወልቀው ስለ ነበረ ልጆቹ ባዶውን ብረት በጨርቅ ጠቅልለው ይይዙት ነበር። እንዲህ ሆኖ የአያትና የልጅ ልጅ መጫወቻ በአንድ ሰሞን ጠጋኝ ፈለገ።

እኔም በእንግድነት በዚያ ስለ ነበርሁ ወዳጄን ተከትዬ ወጣሁ። በከተማው የእንጨት ሥራ ቤት ሞልቶአል፤ በር፥ መስኮት፥ አልጋ፥ ቁም ሣጥን በመኪና እየተሰነጠቀ፥ በኮላ እየተጣበቀ ይሠራል። ወደ ሦስት ቤት ገባን። የመጀመሪያው ባለሥራ ሳቀና አዲስ መግዛት ይሻላችኋል አለን። ሁለተኛው በሚስማር እመታዋለሁ ቢል ወዳጄ ፈርቶ ዕቃውን ከእጁ ተቀበለው። ሦስተኛው ሸምገል ያለ ሰው ነበረና ገበጣውን እያገላበጠ ተመልክቶ፥ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም። ይህ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ እኛ ሳንቃ ከሳንቃ እናገናኛለን እንጂ አንፈለፍልም» አለን። ወዲያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «የሚያውቁትስ እነዚያ ናቸው» አለ። እነዚያ ያላቸው እነማን እንደ ሆኑ ለወዳጄም ለእኔም ማንም ሳያስረዳን ገባን።

በገበያ ቀን ሸክላ ከሚሸጡት ሴቶች ጠይቀን፥ ከሆሣዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚኖር አንድ ሽማግሌ እንዳለ ሰማን። ዕድሜው ወደ ሰባ የሚጠጋ ነው፤ በተላከበትም በሁለተኛው ቀን መጥረቢያውን፥ መሮውንና ወስፌውን በስልቻ ይዞ መጣ። ገበጣውን ባየው ጊዜ አስቀድሞ ያደረገው ነገር በጣቱ የእንጨቱን ጅማት መከተል ነበር። ሚስማር ስንጥቁን እንደሚያሰፋው፥ ኮላም የገጹን ብቻ ይዞ ውስጡን እንደሚተወው ነገረን። ከዚያም ወስፌውን በእሳት አግሎ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳ በሳ፤ በውኃ የራሰ ጠፍርም እያሻገረ ሰፋው። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባልና፥ በማግሥቱ ስናየው ስንጥቁ ከንፈር ለከንፈር ተገናኝቶ ነበር። በመጨረሻ ቅቤ ቀባውና ከእሳትም ከፀሐይም አርቃችሁ አኑሩት አለ። ለጆተኒውም ከደረቀ ወይራ እጀታ ጠረበ፤ የዘንጉን ጫፍ አግሎ ወደ እጀታው ልብ በሰደደው ጊዜ ብረቱ እንጨቱን እያቃጠለ ቤቱን ራሱ ሠርቶ ገባ።

የምጽፈው የዚህን ሰው ሙያ ለማድነቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ በበቃኝ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ቀትር በሆነ ጊዜ ምሳ ቀረበ። ለእኛ በቤት ውስጥ በትልቅ የእንጨት ገበታ ቆጮና ክትፎ፥ ኋላም በሲኒ ቡና ተሰጠን። ለሽማግሌው ምሳው በእንሰት ቅጠል፥ ቡናው በአሮጌ ጣሳ ሆኖ ከጣራው ጠርዝ በታች ወጣለት። አንድም ክፉ ቃል አልተነገረም፤ የቤቱ እመቤት እንደ ልማዱ አደረገች፥ እርሱም እንደ ልማዱ ተቀበለ። ጠጥቶ በጨረሰ ጊዜ ጣሳውን ራሱ ወስዶ ከአጥሩ ጥግ ጣለው፤ ዳግመኛ ወደ ቤት እንደማይገባ ያውቅ ነበርና። ኋላ እኔ ወደ ውጭ ብወጣ በበሩ ወደ ውስጥ እየተመለከተ፥ «የኔታ፥ ያች የበላችሁባት ገበታ የአባቴ እጅ ናት፤ የጆሮዋን አጠራረብ አውቀዋለሁ» አለኝ። እኔም ሲኒዬን እንደ ያዝሁ ነበር፤ የምመልሰውን አጥቼ ዝም አልሁ።

እንግዲህ ስለ ገበጣ ታሪክ ጥቂት ልናገር። ጨዋታው በአገራችን እጅግ የቆየ ነው። የጥንት ፍርስራሽ የሚመረምሩ ሊቃውንት በመጠራና በየሐ ያገኙትን የጉድጓድ ረድፍ ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የነበረ የገበጣ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚጫወቱትን ከ100 የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረዋል፤ ሁለት ረድፍ፥ ሦስት ረድፍና አራት ረድፍ ያለው አለ። እረኛ በመሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ ይጫወታል፤ ለዚህ ጠራቢ አያስፈልገውም። በቤት ተቀምጦ ለልጅ የሚወረሰው ገበጣ ግን ከግንድ የሚፈለፍለው ሰው ይሻል።

ሰንጠረዥም እንደዚሁ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ አንድ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበረ ተጽፎአል። እኒህ ንጉሥ በሕፃንነታቸው ዘመን መንግሥቱን በሞግዚትነት የጠበቀችላቸው እቴጌ እሌኒ የሐድያ ገዢ ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ የሐድያ ስም ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ታሪክ ጋራ ከጥንት የተሳሰረ ነው። ከዚያም በኋላ የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ የሚደሰቱ እንደ ነበሩ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አገራችንን የጐበኘው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ጽፎአል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከውጭው የሚለይበት ወረራ የሚባል ሥርዓት አለው፤ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። ጠጠሮቹም ከዝሆን ጥርስ፥ ከቀንድና ከእንጨት ይጠረቡ ነበር። ልብ በሉ፤ የተጫወተው ንጉሥ ስም ተጽፎአል፥ የተመለከተው እንግዳ ስም ተጽፎአል፤ ፈረሱንና ንጉሡን የጠረበው ሰው ስም ግን አልተጻፈም።

ስሙ ያልተጻፈው በመርሳት ብቻ አይደለም። በሐድያ፥ በከምባታና በጉራጌ አገር ሸክላ መሥራት፥ ቆዳ ማልፋት፥ ብረት መቀጥቀጥና እንጨት መጥረብ ከአባት ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ የተለዩ ወገኖች ሥራ ሆኖ ኖሮአል። የሙያው ክፍፍል ከስፍራ ወደ ስፍራ ይለያያል፤ ዕጣቸው ግን ተመሳሳይ ነበር። ከሌላው ሕዝብ ጋራ አይጋቡም፤ በአንድ ገበታ አይበሉም፤ ብዙዎቹም የሚያርሱት የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። በብዙ ስፍራ በመቃብር እንኳ ተለይተዋል። የሚጠሩበትም ስም ከጊዜ ብዛት ስድብ ሆኖአልና በዚህ ጽሑፍ አላነሣውም። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያስረዳ፥ የጉራጌ ቤት ምሰሶ ያለ እነዚህ ጠራቢዎች እጅ አይቆምም ነበር። ምሰሶውን ያቆመው ሰው ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ ሳይጠራ ሊገባበት አይችልም ነበር። ስለ እነዚህ ወገኖች አለን ዘንድ ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ወጥቶአል፤ አሉላ ፓንክኸርስትና ዲና ፍሪማን ባዘጋጁት በዚህ ጥናት ነገሩ ከከምባታ እስከ ከፋ፥ ከወላይታ እስከ ዳውሮ ድረስ መልኩን እየለዋወጠ እንደሚገኝ ተገልጦአል።

ይህ የደቡብ አገር ብቻ ነውር እንዳይመስለን። በጐንደርና በአካባቢው ቤተ እስራኤል ብረት ይቀጠቅጡ፥ ሸክላ ይሠሩ፥ ግንብም ይገነቡ ነበር፤ ዋጋቸው ግን ጠይብ መባልና በቡዳነት መጠርጠር ሆነ። በሸዋም ሸማኔው፥ ፋቂውና ቀጥቃጩ በሥራቸው ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። ማረሻ ሳይኖር እርሻ፥ ድስት ሳይኖር ወጥ፥ ሸማ ሳይኖር ልብስ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም የሠሪውን ሥራ ወደ ቤት አስገብቶ ሠሪውን በውጭ ማስቀረት ከሰሜን እስከ ደቡብ የሁላችን ልማድ ነበር።

ለዚህ ልማድ በአዋጅ የተቃወመ ንጉሥ አልታጣም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባዕድ አገር ባለሙያዎችን በጋፋት ሰብስበው መድፍ ማሠራታቸው ይታወቃል፤ ነገር ግን የአገሩን ቀጥቃጭ ከስድብ አላዳነውም። ዳግማዊ ምኒልክ ግን በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ ልማዱ እንዲታገድ አዋጅ አስነገሩ። በዚህም አዋጅ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውን፥ ፋቂውን፥ ጸሐፊውን፥ ቤተ ክርስቲያን አገልጋዩን፥ አራሹን እየዘረዘሩ በየትኛው ስም እንደሚሰደቡ ገለጡ። በሌላ አገር አዲስ ሥራ የሚወጣው ሠራተኛ ስለሚከበር ነው፤ በእኛ አገር ግን ስድቡን ፈርቶ የሚማር ሰው ይጠፋል፥ አገርም ባዶ ይቀራል የሚል ነበር ምክንያታቸው። የሚሰድብም ሰው በአንድ ዓመት እስራት እንዲቀጣ ወሰኑ።

በዚህ አዋጅ ውስጥ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከተሰደቡት ሠራተኞች መካከል ጸሐፊው ጠንቋይ፥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩም ደብተራ እየተባለ በንቀት መጠራቱ ተቈጥሮአል። እኛ ራሳችን በተሰዳቢዎቹ ተራ ነበርን ማለት ነው። ከዚህም አልፌ ልናገር። በቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ የፍየል ቆዳ ወጥሬ፥ በመፋቂያ ፍቄ፥ በድንጋይ አልስልሼ ብራና አውጥቻለሁ። ብራና ፋቂ ተባልሁ፤ ስሙም ክብር ነበር። ያው ግስ፥ ያው ቆዳ፥ ያው መፋቂያ በሌላው ሰው እጅ ሲሆን ግን ፋቂ የሚለው ቃል ስድብ ሆነ። የቋንቋ ሊቅ ቢጠየቅ በሁለቱ መካከል የሰዋስው ልዩነት አያገኝም፤ ልዩነቱ ያለው በሰሚው ልብ ነው።

ከበሮውም ምስክር ነው። በማኅሌት የምንመታው ከበሮ ግንዱን የፈለፈለው ጠራቢ፥ ቆዳውን ያለፋው ፋቂ ነው። ቡዳ ነው የሚለውን ወሬ ከየት አመጣነው? ከመጻሕፍት እንዳይባል፥ በኦሪት ዘፀአት የድንኳኑን ንዋያተ ቅድሳት የሠራው ባስልኤል ጥበቡን ከእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተቀበለ ተጽፎአል፤ ዮሴፍም ጸራቢ ነበረ፥ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። እንግዲህ ወሬው የመጻሕፍት ሳይሆን የመንደር ነው፤ የእኛም ጥፋት እያወቅን አለመገሠጻችን ነው።

ከአዋጁ በኋላ ስድሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ፥ በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ተወሰነ። ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ መሬት እንዲሰጥ በመደንገጉ፥ በዚህ አገር ብዙ ባለሙያዎች መጀመሪያ ጊዜ የሚያርሱት ቦታ አገኙ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ልጆቻቸውም ከሌላው ጋራ በአንድ ወንበር ይማራሉ፤ ነውሩም ከቀድሞው ብዙ ቀንሶአል። ነገር ግን አዋጅ እርሻ ላይ ይደርሳል፥ ትምህርት ቤትም ይደርሳል፤ ገበታ ላይ ለመድረስ ግን ሰው እጁን ራሱ መዘርጋት አለበት። የተጣለው ጣሳ የሕግ አንቀጽ አይጠቅስም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እመለሳለሁ፤ ጠጋኝ ስለ ምን ጠፋ? ይህነኑ ሽማግሌውን ጠይቄው ነበር። «አባት፥ ሙያውን የሚይዝ ልጅ የለዎትምን?» ብለው፥ አንዱ ልጁ በሐዋሳ መኪና እንደሚነዳ፥ ሌላውም እንደ አገሩ ወጣት ሁሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደ ሄደ ነገረኝ። ከዚያም መሮውን እየሳለ፥ «የኔታ፥ እኔ መሮውንና ስድቡን ባንድ ላይ ወረስሁ። ልጆቼ ስድቡን ሲጥሉ መሮውም አብሮ ወደቀ» አለኝ። እኔም ብዙ መጽሐፍ ባገላብጥ ከዚህ የጠራ መልስ ባላገኘሁም ነበር። እኛ ሙያውን ከነውር ጋራ በአንድ ጠፍር ሰፍተን ኖርን፤ ነውሩን ሊያመልጥ የወደደ ልጅ ሙያውን ሳይጥል ማምለጥ አልቻለም። ሌላውም ወገን ስሙ እንዳይነካው ሙያውን አልተማረም። እንዲህ ሆኖ አንዱ ጣለው፥ ሌላው አላነሣውም፤ ጥበቡ በመካከል ቀረ።

ዋንዛው ራሱ ከጠራቢው ጋራ እየራቀ ነው። ዋንዛ ለመፈልፈል የሚገራ፥ በቀስታ ከደረቀም እምብዛም የማይጠመዘዝ ዛፍ ስለ ሆነ፥ በሐድያና በከምባታ ጓሮ ከእንሰቱና ከቡናው መካከል ይተከላል። ዛሬ ግን በየኮረብታው የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ለጣራና ለአጥር ቢጠቅም፥ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለገበጣና ለገበታ አይሆንም። የዛፉን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ዛፉን የሚተክልም ይጠፋል።

እንጨት ጠራቢነት ያለፈ ዘመን ሥራ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ አንድ ነገር ላስታውሰው። በየከተማችን የምናየው ጆተኒ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ጨዋታ ነው፤ እርሱም ሣጥን፥ ዘንግና እጀታ እንጂ ሌላ አይደለም። ልጆቻችን ዛሬ በእጃቸው ይዘው በመስኮቱ ላይ የሚያንቀሳቅሱት የኮምፒዩተር መሣሪያም ከዚሁ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዳግላስ ኤንግልባርት ባሰበው መሠረት ቢል ኢንግሊሽ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ማውስ ሲሠራ፥ ልባሱን ያደረገው ከተፈለፈለ እንጨት ነበር። ከዓለም አዲስ ከተባሉት ጥበቦች አንዱ ሰው መዳፍ ውስጥ የገባው በእንጨት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በዚያ የሠሪው ስም ተጽፎ ቀርቶአል፥ እንጨት ጠረበ ተብሎም ከገበታ አልተለየም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? አንዳንዶች ባለሙያዎቹ ሙያቸውን እንዳይተዉ እንምከራቸው ይላሉ። ይህ ምክር ለእኛ እንጂ ለእነርሱ የሚጠቅም አይደለም፤ ስድቡ ሳይነሣ መሮውን ያዙ ማለት ጣሳውን ያዙ ማለት ነውና። ትክክለኛው መንገድ ሙያውን ከዘር ፈትቶ ለፈቀደው ሁሉ መክፈት ነው። በሆሣዕናም፥ በዱራሜም፥ በሾኔም፥ በአንጋጫም የሙያ ማሠልጠኛ ስፍራ የሽማግሌዎቹን ጥበብ ከመኪናው ሥራ አጠገብ ቢያስተምር፥ ሽማግሌዎቹም መምህር ተብለው ደመወዝ ቢቀበሉ፥ መሮው ከመሬት ይነሣል። ካህናትም ከዐውደ ምሕረት ስለ ቡዳ የሚወራውን ወሬ ቢገሥጹ፥ በማኅበርና በሰንበቴ ዝክር ጽዋው ለሁሉ እኩል ቢዞር፥ አዋጅ ያልደረሰበት ስፍራ ይደረስበታል።

ከላይ ሳልናገረው ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። ሽማግሌው ከሦስቱ እጀታዎች ሁለቱን ጠርቦ ሦስተኛውን ለወዳጄ ልጅ ሰጠው፤ «አንተ ጥረበው፥ ነገ ሲሰበር እኔን አታገኘኝም» ብሎ። ልጁም ከሽማግሌው አጠገብ ከመሬት ተቀምጦ ይጠርብ ጀመር። እናቱ ምሳ ቀርቦአል ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ ሥራው ይዞት አልገባም። ኋላ ሲርበው ሽማግሌው በእንሰት ቅጠሉ ላይ ከነበረው ቆጮ ቆርሶ ሰጠው፥ እርሱም በላ። ይህነን ሲያደርግ ምንም ታላቅ ነገር ያደረገ አልመሰለውም፤ ዓይኑ ከመሮው አልተነሣም ነበር። እናቱ ከበሩ ላይ ቆማ አየች፥ ወዳጄም አየ፥ እኔም አየሁ፤ ማንም አልተናገረም። እጀታው ጠማማ ሆኖ ወጣ፤ ሆኖም ዛሬ ድረስ ዘንጉን ያዞራል።

እኔ የሃምሳ ዓመት ትምህርቴ ያላስደፈረኝን ነገር አንድ ልጅ ሙያ ለመማር ብሎ ሳያስበው አደረገው። ከዚያ ወዲህ ያን ቤት ባሰብሁ ቁጥር ገበጣና ገበታ የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ መለያየታቸው ይታወሰኛል። ለተማሪዎቼም ይህነን ታሪክ ስነግራቸው በሁለት ቤት እጨርሰዋለሁ።

ገበጣውን ጠርቦ ጠግኖ ሰጠን፥
ገበታውን ደግሞ እኛ እንጠግን።